ዶልቢ ቢ፣ ሲ፣ ኤስ ወይስ ዲቢኤክስ? የካሴት ጫጫታ መቀነሻዎችን በራስ ጆሮ ማወዳደር

ካሴት ዴካችሁ (መቅጃና ማጫወቻው) ላይ አንዲት ትንሽ የጫጫታ መቀነሻ ማብሪያ አለች። «ኦፍ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» ትላለች። አንዳንዱ ዴክ ላይ «ኤስ» ወይም «ዲቢኤክስ» ይጨመራል። ብዙ ሰው አንዴ አንዱ ላይ ያደርጋትና ከዚያ በኋላ አይነካትም። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ቀን የቀዳሁትን ቃለ ምልልስ በሌላ ሰው ማጫወቻ ስሰማው ደነገጥኩ። ተናጋሪው ዝም ሲል ትንፋሹ ከንግግሩ እኩል ይጮኻል። የወረቀት ኮሽታው በር የተዘጋ ይመስላል። ቴፑ ምንም አልሆነም። የቀዳሁት በዲቢኤክስ ነበር፣ ማጫወቻው ደግሞ ዲቢኤክስ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ማብሪያዋን ከመንካቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ይህ ካሴት በየትኛው ማሽን ነው የሚሰማው? ማሽኑስ የቀዳሁትን በትክክል ይመልሳል? የትኛውም ሲስተም እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ የተጻፈለትን ቁጥር አይሰጥም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ እንድታጣሩ ነው።

ሽሽሹ ከየት ይመጣል?

የካሴት ቴፕ ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ነው። በዚያች ስፋት ላይ ሁለቱ ገጾች፣ እያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ፣ በጠቅላላው አራት መስመር ይቀዳሉ። የአንዱ መስመር ስፋት 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፍጥነቱም በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው። የስቱዲዮ ሪል ቴፕ በሴኮንድ 38 ሴንቲሜትር እንደሚሮጥ ስታስቡ፣ ካሴት ምን ያህል በጠባብ ቦታ እንደሚሠራ ይገባችኋል። የምንሰማው «ሽሽሽ» የሚነሳው ከቴፑ ጥቃቅን ማግኔታዊ ቅንጣቶች ነው። መስመሩ ሲጠብና ፍጥነቱ ሲቀንስ ሽሽሹ ጎልቶ ይወጣል።

ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣ በዋናነት ለንግግር መቅጃ ነበር ያሰበው። ለሙዚቃ እንዲበቃ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ የጫጫታ መቀነሻ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ሲቀዳ ደካማው ድምፅ ከፍ ይደረጋል። ሲጫወት ከፍ የተደረገው በዚያው ልክ ዝቅ ይደረጋል፤ ይህን የሚያደርገውን የማሽኑን ክፍል «መፍቻ» እለዋለሁ። ቴፑ በመሀል የጨመረው ሽሽሽ አብሮ ዝቅ ይላል።

ከዚህ የሚከተለውን አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውልም። ማብሪያዋ የምትቀንሰው ይህ ቴፕ የሚጨምረውን ሽሽሽ ብቻ ነው። ከሸክላ ወይም ከአሮጌ ካሴት እየገለበጣችሁ ከሆነ፣ ከምንጩ የመጣው ጫጫታ እንዳለ ይቀዳል። ዶልቢ ለሱ መድኃኒት አይደለም።

የምታወዳድሯቸው ሲስተሞች

ዶልቢ ቢ። ሬይ ዶልቢ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ አቋቁሞ መጀመሪያ ለስቱዲዮ የሚሆነውን ዶልቢ ኤ ሠራ። ለቤት የሚሆነው ቢ በ1968 መጣ። ቢ የሚሠራው በቀጭን ድምፆች ላይ ብቻ ነው። ከ4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ገደማ በላይ ሽሽሹን እስከ 10 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንሳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ቁጥሩ አይደለም፤ በየቦታው መገኘቱ ነው። በቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢ በሌለው ማጫወቻ ሲሰማ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይበዛበታል እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

ዶልቢ ሲ እ.ኤ.አ. በ1980 መጣ። ሁለት ደረጃ ስላለው እስከ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ሥራውንም ወረድ ካለ ድምፅ ይጀምራል። በሲ የተቀዳውን በቢ ብታጫውቱት ይሰማል። ግን ቅጥ ያጣል፤ መካከለኛው ድምፅ ወደ ፊት ይገፋል፣ ቀጭኑም ይቆጠቁጣል።

ዶልቢ ኤስ የመጣው በ1990 አካባቢ፣ ካሴት ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ነው። በቀጭኑ በኩል እስከ 24 ዴሲቤል፣ በወፍራሙ በኩል ደግሞ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል። ኤስ ያለው ዴክ ለመሥራት አምራቹ ከወትሮው የጠበቀ የጥራት መስፈርት ማሟላት ነበረበት። ስለዚህ ኤስ ያለበት ዴክ ካገኛችሁ፣ ከማብሪያዋ ጋር ጥሩ ማሽንም አገኛችሁ ማለት ነው።

ዲቢኤክስ የተለየ መንገድ ይሄዳል። ዴቪድ ብላክመር የመሠረተው ድርጅት ለቤት ያወጣው ዓይነት «ታይፕ 2» ይባላል። መላውን ድምፅ፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን፣ በዴሲቤል ሲቆጠር ግማሽ ያደርገዋል። ሙዚቃው ውስጥ ከዜሮ (ከዴኩ የመጠን መለኪያ ዜሮ) በታች 60 ዴሲቤል ላይ ያለች ደካማ ድምፅ ቴፑ ላይ ከዜሮ በታች 30 ሆና ትጻፋለች። ሲጫወት ወደ 60 ትመለሳለች። ሽሽሹ በ30 ዴሲቤል አካባቢ ይቀንሳል፤ ዝምታው ጭራሽ ቴፕ ያለ አይመስልም። ዋጋው ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ ነው። መፍቻው የሌለው ማሽን ላይ በወጉ አይሰማም።

ሌሎችም አሉ። የቴሌፉንከን ሃይ ኮም፣ የቶሺባ አድሬስ፣ የጄቪሲ ኤኤንአርኤስ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ኤኤንአርኤስ ለዶልቢ ቢ በጣም የቀረበ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን የራሳቸውን ማሽን ይፈልጋሉ። የፊሊፕስ ዲኤንኤል የሚሠራው ሲጫወት ብቻ ነው፣ በማንኛውም ካሴት ላይ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «ዶልቢ ኤችኤክስ ፕሮ» ስሙ ዶልቢ ይሁን እንጂ ጫጫታ መቀነሻ አይደለም። በሚቀዳበት ጊዜ ባያሱን (ቴፑ ድምፁን በደንብ እንዲይዝ አብሮ የሚላከውን የማይሰማ ሲግናል) ከሙዚቃው ጋር እያስተካከለ ቀጭን ድምፅ እንዳይጨፈለቅ ያግዛል። መፍቻ አያስፈልገውም፣ ከሌሎቹም ጋር አብሮ ይሠራል። ካለ ይብራ።

1ኛ ደረጃ፦ ማሽኑን ማጽዳት

ይህን ዘላችሁ ወደ ማወዳደሩ ብትሄዱ የምታወዳድሩት ቆሻሻን ነው። ከልቤ ነው የምለው።

የጆሮ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ሄዱን (ቴፑን እየነካ የሚቀዳውንና የሚያነበውን ክፍል)፣ ቴፑን የሚስበውን ቀጭን የብረት ዘንግ (ካፕስታኑን) እና የጎማ ሮለሯን ጥረጉ። ቡናማ ነገር ይወጣል። ከቴፕ የረገፈ ዱቄት ነው። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። ጎማዋን ስትጠርጉ አልኮሉን አታብዙ፣ ወዲያውም አድርቋት። ማግኔት ማጥፊያ ካላችሁ ዴኩን አጥፍታችሁ ተጠቀሙ። ካሴቶቻችሁን ከአጠገቡ አርቁ።

ይህ ሁሉ ለምን? ሄዱ ሲቆሽሽ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል። መፍቻው ደግሞ ቀጭን ድምፅ ሲደክምበት «ይህማ መጀመሪያውኑ ደካማ የነበረ ነው» ብሎ የበለጠ ይቀንሰዋል። ትንሽ ጉድለት ትልቅ ትሆናለች። ዲቢኤክስ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። 3 ዴሲቤል የጎደለው 6 ሆኖ ይወጣል። «ዶልቢ ድምፁን ያፍነዋል» የሚለው የቆየ ስሞታ በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

2ኛ ደረጃ፦ ካሴቱን መምረጥ

ለፈተናው አንድ ካሴት ብቻ ተጠቀሙ፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ላይ። ታይፕ 1 (ተራው ፌሪክ)፣ ታይፕ 2 (ክሮም፤ ከዲቢኤክሱ «ታይፕ 2» ጋር አይገናኝም) እና ታይፕ 4 (ሜታል) ሽሽሻቸው አንድ አይደለም። ታይፕ 2 እና 4 የሚጫወቱበት የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ 70 ማይክሮሴኮንድ ሲሆን የታይፕ 1 ደግሞ 120 ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ የታይፕ 2 እና 4 ሽሽሽ ከ4 እስከ 5 ዴሲቤል ይቀንሳል። የዶልቢ ቢን ግማሽ ያህል ማለት ነው። ያውም ያለምንም መቀነሻ።

60 ወይም 90 ደቂቃ ካሴት ይበቃል። የ120ው ቴፕ በጣም ስስ ነው፤ ተውት። ካሴቱ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ ከነበረ አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥናችሁ መልሱት። የላላ ነገር ካለ በእስክሪብቶ አጥብቁት።

3ኛ ደረጃ፦ የገባው ያህል መውጣቱን ማረጋገጥ

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

ዶልቢ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መጠኑን እየለካ ነው። ሲቀዳ የለካውና ሲጫወት የሚለካው ካልተገናኙ መፍቻው ይሳሳታል። ስለዚህ ገብቶ የነበረው መጠን በዚያው ልክ ተመልሶ መውጣቱን ማየት አለባችሁ።

ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የ400 ኸርዝ ቶን አውጡ። ወደ ዴኩ አስገቡት። የጫጫታ መቀነሻው «ኦፍ» ይሁን። የቅጂ ቁልፉን እያዞራችሁ የመጠን መለኪያውን መርፌ ዜሮ ላይ አቁሙት። ግማሽ ደቂቃ ቅዱ። መልሳችሁ አጫውቱት፣ አሁንም «ኦፍ» ላይ። መርፌው ዜሮ ላይ ወይም ከግማሽ ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት ከቆመ ደስ ይበላችሁ። ሁለት ዴሲቤል ወርዶ ከቆመ፣ ካሴቱ ማሽኑ ከተስተካከለበት ቴፕ ጋር አይስማማም ማለት ነው። ዴኩ «ካሊብሬሽን» ወይም «ሌቭል» የሚል ማስተካከያ ካለው በሱ አርሙት። ከሌለው ሌላ ዓይነት ካሴት ሞክሩ። ከዴኩ ፊት ባለው የመውጫ ድምፅ ቁልፍ ግን ለማረም አትሞክሩ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመፍቻው በኋላ ነው ያለው፤ መፍቻው ያየውን አይለውጥም።

ቀጥሎ ባያሱን እዩ። የ400 ኸርዙን ቶን ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ላይ አድርጋችሁ ቅዱ። የመጠን ቁልፉን ሳትነኩ የ10,000 ኸርዝ ቶን በተመሳሳይ መጠን አስከትሉ። መጠኑን ዝቅ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ካሴት ቀጭን ድምፅን በከፍተኛ መጠን መያዝ ስለማይችል፣ ዜሮ ላይ ብትቀዱት ውጤቱ ያታልላችኋል። ስታጫውቱት ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። 10,000ው ከፍ ካለ ባያሱ አንሷል፣ ዝቅ ካለ በዝቷል። የባያስ ቁልፍ ካለ በጥቂቱ እያዞራችሁ ድገሙት።

ቶን ማውጫ የሌለው ሰው በኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች መሀል ያለውን ጫጫታ ዝቅ አድርጎ ይቅዳ። ከዚያ ምንጩንና ቴፑን እያፈራረቀ ይስማ። ሦስት ሄድ ያለው ዴክ ከሆነ በ«ሞኒተር» ማብሪያው እዚያው እየቀዳችሁ ታፈራርቃላችሁ። ጆሮ ይህን ልዩነት በደንብ ይይዛል።

ስለ አዚሙዝ ደግሞ በአጭሩ። ሄዱ ለቴፑ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል። በራሳችሁ ዴክ ቀድታችሁ በራሳችሁ ዴክ የምትሰሙ ከሆነ የሄዱን አቋቋም የምታስተካክለውን ብሎን አትንኩ። የሰው ካሴት ስታጫውቱ ድምፁ ከታፈነ ግን ዶልቢን አጥፉ፣ ድምፁን ሞኖ አድርጉ፣ ብሎኗ የነበረችበትን ምልክት አድርጉና ቀጭኑ ድምፅ ጥርት እስኪል ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሲያልቅ ወደ ቦታዋ መልሷት።

4ኛ ደረጃ፦ መቅዳት

አራት ዓይነት ድምፅ ምረጡ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይሁን። ለብቻው የሚጫወት ፒያኖ። ሙዚቃ የሌለው የሰው ንግግር። ሲምባልና ከበሮ የሚበዛበት ሙዚቃ። የሞላ፣ የሚጮኽ ባንድ።

የቅጂውን መጠን አንዴ አስተካክሉና እጃችሁን አንሱ። ለሁሉም ያው ይሁን። ታይፕ 1 ላይ የሙዚቃው ጫፍ ዜሮን ትንሽ አልፎ ቢሄድ ችግር የለም። ዲቢኤክስን ስትሞክሩ ግን ጫፉ ዜሮን እንዳያልፍ። ሽሽሹ የለም እኮ፤ ለምን ትገፋላችሁ?

መጀመሪያ «ኦፍ» ላይ፣ ከዚያ ቢ፣ ከዚያ ሲ፣ ከዚያ ያላችሁን ሁሉ ቅዱ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በድምፃችሁ «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» እያላችሁ አስገቡ። የሲስተሙን ስም አትጥሩ፤ ለምን እንደሆነ ወዲያው ትደርሱበታላችሁ። በየዙሩ መጨረሻ ምንጩን አቁማችሁ ቴፑ 15 ሴኮንድ ባዶውን ይሂድ።

ምንጩ ኤፍኤም ሬዲዮ ከሆነ «ኤምፒኤክስ» የሚለው ማጣሪያ ይብራ። የኤፍኤም ስቴሪዮ 19,000 ኸርዝ ላይ የማይሰማ ረዳት ቶን ይልካል። ያ ቶን ዶልቢውን ያደናግረዋል። ከሲዲ፣ ከኮምፒውተር ወይም ከሸክላ ከሆነ ማጣሪያውን አጥፉት፤ ያለ ጥቅም ቀጭን ድምፅ ይቆርጣል።

5ኛ ደረጃ፦ መስማት

አንድ ሰው ይርዳችሁ። ማብሪያዋን እሱ ለየዙሩ ተገቢው ላይ ያድርግ፣ ተራውንም እያቀያየረ ያጫውት። እናንተ ዴኩን አትዩ። የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ጆሯችሁ ትልቁን ቁጥር ማድነቁ አይቀርም። ሄድፎን አድርጉ። ድምፁን በማታ ጸጥታ እንደምትሰሙት አድርጉት፤ በጣም አታስጩሁት። በየዙሩ ሁለት ሦስት ቃል በወረቀት ጻፉ።

ባዶውን 15 ሴኮንድ ስትሰሙ ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። ዲቢኤክስ ያሸንፋል፣ ኤስ ይከተላል። እዚህ ላይ ብቻ ካቆማችሁ ግን ተሳስታችኋል። ዝምታ ሙዚቃ አይደለም።

ፒያኖው ላይ ጆሮ ስጡ። አንድ ኖታ ተመቶ እየከሰመ ሲሄድ ከኋላው ያለውን ስሙ። ዲቢኤክስ ከሆነ፣ ኖታው ሲመታ ከሱ ጋር ትንሽ ሽሽሽ ብቅ ይልና ኖታው ሲሞት አብሮ ይጠፋል። ቴፑ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን አንዴ ከሰማችሁት ደግሞ ሁልጊዜ ትሰሙታላችሁ። ዶልቢ ቢ ላይ ሽሽሹ በጥቂቱ አለ፣ ግን ረግቶ ይቀመጣል። የረጋ ሽሽሽ ከሚንቀሳቀስ ሽሽሽ ይሻለኛል፤ ጆሮ የረጋውን ይረሳዋል።

ንግግሩ ላይ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸውን ቃላት ተከታተሉ። «ሰ» ደንዝዞ ከተሰማ መፍቻው እየተሳሳተ ነው፤ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመለሱ። ሲምባሉ ደግሞ ሲን ይፈትናል። በደንብ በተስተካከለ ዴክ ላይ የሲ ሲምባል ከኦፉ አይለይም። ባልተስተካከለው ላይ የሲምባሉ ጅራት ከፍ ዝቅ ይላል። ሲ ከቢ የበለጠ ስለሚሠራ ስህተትንም የበለጠ ያጋልጣል።

የሚጮኸው ባንድ ላይ ምናልባት አንዱንም ከሌላው መለየት ያቅታችሁ ይሆናል። ይህም ራሱ መልስ ነው። ጉልህ ሙዚቃ ሽሽሹን ይሸፍነዋል፤ በጥሩ ክሮም ላይ «ኦፍ» ይበቃዋል።

6ኛ ደረጃ፦ በሌላ ማሽን መሞከር

ያንኑ ካሴት ይዛችሁ ሌላ ማጫወቻ ላይ አድርጉት። የመኪናው፣ የእጅ ማጫወቻው፣ የጓደኛ ዴክ፣ የተገኘው። አዲስ ከሚሠሩት ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ዶልቢ የሚባል ነገር የላቸውም። እዚያ ላይ ቢ ብሩህ ሆኖ ይሰማል፤ ትሬብሉን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሲ ይከብዳል። ዲቢኤክስ እኔን ያስደነገጠኝን ያሰማችኋል። በተቃራኒው ደግሞ ያለ ዶልቢ የተቀዳውን ዶልቢ አብርታችሁ ብታጫውቱት ይታፈናል። ሁለቱን አንዴ ብትሰሟቸው ለወደፊት ስም የሌለው ካሴት ሲገጥማችሁ በጆሮ ትለዩታላችሁ።

ታዲያ የቱን?

ለሰው የምትሰጡትን፣ እንዲሁም ለልጆቻችሁ የምታስቀምጡትን የቤተሰብ ድምፅ በቢ ቅዱ። ከ20 ዓመት በኋላ በምን እንደሚጫወት ማንም አያውቅም። ቢ ደግሞ መፍቻ ባይኖር እንኳ የሚሰማ ነው። ለራሳችሁ፣ በዚያው ዴክ ለምትሰሙት ለስላሳ ሙዚቃ፣ 3ኛውን ደረጃ ያለፈ ማሽን ካላችሁ ሲ ግሩም ነው። ኤስ ካላችሁ ሌላውን እርሱት፤ ቢ ባለው ማሽን ላይም ከሲ በተሻለ ይሰማል። ዲቢኤክስን እኔ ለሞላ ሙዚቃ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ዴኩም ከቤት እንደማይወጣ እርግጠኛ ስሆን።

አሁን እስክሪብቶ አንሡ። ካሴቱ ላይ፣ ሽፋኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ካሴቱ ራሱ ላይ፣ «ዶልቢ ቢ» ወይም የቀዳችሁበትን ጻፉ። ሽፋን ይጠፋል። የቴፑን ዓይነትና የቀዳው ዴክ የትኛው እንደሆነም ጨምሩ። ከዚያ ካሴቱን የቀዳችሁበት ገጽ ወደ እናንተ፣ ቴፑ የሚታይበት ጠርዝ ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። በጀርባው ጠርዝ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ፤ ያ ገጽ ከእንግዲህ በስህተት አይቀዳበትም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቀዳዳዋን በፕላስተር ሸፍኑ። ክሮም ወይም ሜታል ከሆነ ግን ከአጠገቧ ያለችውን ሌላዋን ቀዳዳ አትድፈኑ። ብዙ ዴክ የቴፑን ዓይነት የሚያውቀው በእሷ ነው።